ክሮዝሊ፦ ባለ አንድ ቫልቭ ሬዲዮ እንዴት ይሰማል?

ሽቦው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያረጁ ሬዲዮዎችን ማደስ እወዳለሁ። ሰሞኑን ክሮዝሊ ፐፕ የሚባል የ1925 ሬዲዮ እጄ ገባ (ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ስከፍተው ያገኘሁት አንድ ቫልቭ (አምፖል የሚመስል፣ ምልክት የሚያጎላ የመስታወት ዕቃ) ብቻ ነው! ያኔ ሲሸጥ ዋጋው 9 ዶላር ከ75 ሳንቲም ነበር። በዚህች ዕቃ በእውነት ጣቢያ ይደመጥ ነበር? ደግሞስ ክሮዝሊ ሬዲዮ የሚሠራ ፋብሪካ ሆኖ ሳለ የራሱን ጣቢያ ለምን ከፈተ?

የድሮ ቫልቭ፦
ወንድሜ፣ ሁለቱ ጥያቄዎችህ መልሳቸው አንድ ነው።

በ1921 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ግዛት፣ ሲንሲናቲ ከተማ ውስጥ የፓወል ክሮዝሊ ልጅ ሬዲዮ ግዛልኝ ይለዋል። ሱቅ ሄዶ ሲጠይቅ ከ100 ዶላር በላይ ይሉታል። ሰውየው የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነበር፣ ስለ ሬዲዮ የሚያውቀው ነገር የለም። በ25 ሳንቲም መመሪያ ገዝቶ ራሱ ገጣጠመው። ቀጥሎ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቀጥሮ ርካሽ ሬዲዮ ማምረት ጀመረ። ለእኔ ከዚህ ሰው የምወደው ይህንን ነው፤ ዋጋውን አይቶ ተስፋ አልቆረጠም።

ርካሽ ሬዲዮ ግን ደካማ ነው። ድምፅን የሚያጎላው ቫልቭ ነው፣ ቫልቭ በጨመርክ ቁጥር ዋጋውም ይጨምራል። ክሮዝሊ ነገሩን ከሌላው ጫፍ ያዘው። የገዢው ሬዲዮ ባይጠነክር፣ ጣቢያው ይጠንክር አለ። ደብሊው ኤል ደብሊው የተባለው ጣቢያው በ1922 ሲጀምር 50 ዋት ነበር። ከዚያ 500፣ ቀጥሎ 5,000፣ በ1928 50,000 ደረሰ። የጣቢያው ጉልበት ባደገ ቁጥር ያንተ ፐፕ ከሩቅም መስማት ቻለች ማለት ነው። ጣቢያውና ሬዲዮው የአንድ ዕቃ ሁለት ጫፍ ነበሩ።

ማማ፦
የድሮ ቫልቭ ያልጨረሰውን ልጨምር። በግንቦት 1934 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ዋሽንግተን ሆነው ቁልፍ ሲጫኑ ጣቢያው ወደ 500,000 ዋት ወጣ። የማስተላለፊያው ማማ ሜሰን፣ ኦሃዮ ነው ያለው። በአካባቢው የሚኖሩ ሰዎች አምፖላቸው አልጠፋ እንዳላቸው፣ የጣሪያ አሸንዳ ሲናገር እንደሰሙ ተናግረዋል። ቶሮንቶ ያለ ጣቢያም ሞገዱ ስለተረበሸበት አቤት አለ። ያ ሁሉ ጉልበት የተሰጠው በሙከራ ፈቃድ ነበር። የአሜሪካ ሴኔት ከ50,000 ዋት በላይ አይበጅም ሲል ፈቃዱ ሳይታደስ ቀረ፣ በመጋቢት 1939 ወደ 50,000 ተመለሰ። ክሮዝሊም በ1945 ሬዲዮ ፋብሪካውንም ጣቢያውንም ሸጠ። እኔ በዚህ አዝናለሁ።

ሽቦው፦
እግዜር ይስጣችሁ! አንድ ነገር ልጠይቅ። አንዱን መዘውር ሳዞር ድምፁ እየጎላ ሄዶ በድንገት ያፏጫል። ተበላሽታ ይሆን?

የድሮ ቫልቭ፦
አልተበላሸችም። ቫልቩ ያጎላውን ምልክት መልሶ ወደ ራሱ መግቢያ ይልከዋል፤ አንዱ ቫልቭ የብዙ ቫልቭ ሥራ የሚሠራው በዚህ ነው። ይህን ዘዴ የፈጠረው አሜሪካዊው መሐንዲስ ኤድዊን አርምስትሮንግ ነው። ከልክ ካለፈ ግን ሬዲዮዋ ራሷ ትንሽ ማሰራጫ ትሆናለች፣ ፉጨቱ ከዚያ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ሬዲዮ የጎረቤቱን ሬዲዮ ይረብሽ ነበር። ከማፏጨቷ ትንሽ ቀደም ብለህ መዘውሩን አቁመው፣ የምትሰማው የዚያን ጊዜ ነው።