«ጤነኛ ሰፈራችን ይጠበቅልን» ብላችሁ ለፈረማችሁ

ግንፍሌ ዳር፦
ቅዳሜ ወረዳው በጠራው ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ከኮንዶሚኒየሙ ጀርባ ያለው ቪላ የአእምሮ ጤና ክሊኒክ እንዲሆን የአገልግሎት ለውጥ ተጠይቋል። አልጋ የለውም፣ የሚያድር ሰው የለም። ታካሚ ጠዋት ይመጣል፣ ባለሙያ ያየዋል፣ መድኃኒቱን ይዞ ወይም መርፌውን ተወግቶ ይሄዳል። ኮሚቴያችን ግን ሁለት ገጽ ተኩል ፊርማ ያለበት ደብዳቤ አነበበ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እስከዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም፦ «ጤነኛ ሰፈራችን ጤነኛ ሆኖ እንዲጠበቅልን እንጠይቃለን።» ኃላፊውም «ሕዝቡ ካልተቀበለው ፋይሉን እናቆየዋለን» ብሎ ተነሳ።

ወንድሜ እዚህ ተወልዶ እዚህ ነው የታመመው። ከታመመ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ደረጃው ላይ ስታገኙት ሰላም ትሉታላችሁ፣ እሱም ይመልስላችኋል። የሚመልሰው በየአራት ሳምንቱ መርፌውን ስለሚወጋ ነው። ለዚያች መርፌ እናቴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስታ ሁለት ታክሲ ይዛ ትሄዳለች፤ ወረፋው ካልደረሳት በማግስቱ ትመለሳለች። እና ወንድሜ የዚህ ሰፈር ሰው ነው ወይስ አይደለም? ጤነኛ ሰፈር ስትሉ እኛን ቆጥራችሁ ነው ወይስ ቀንሳችሁ?

ብሎክ 4፦
ዓረፍተ ነገሩን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልደበቅም። ልጄ፣ ወንድምሽን ማንም አልነካም። ሕክምናውንም አልተቃወምንም፣ የተቃወምነው ቦታውን ነው። የቪላው በር ከአፀደ ሕፃናቱ አጥር ስልሳ እርምጃ አይሞላም፤ ራሴ ሄጄ ቆጥሬዋለሁ። መንገዱ አንድ መኪና ብቻ የሚያሳልፍ ኮብልስቶን ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ማኅበረሰቡን በሚነካ ፕሮጀክት ላይ ዜጋ ሐሳቡን እንዲሰጥ መብት ሰጥቶናል። ሐሳባችንን ሰጠን። ጥፋታችን ምንድን ነው?

ግንፍሌ ዳር፦
ጋሼ፣ «መንገዱ ጠባብ ነው» ብለው ጽፈው ቢሆን እኔም እፈርም ነበር። እርስዎ የጻፉት ግን «ጤነኛ ሰፈር» ነው። ሕገ መንግሥቱን ካነሱ ደግሞ ሁለት አንቀጽ ወደ ኋላ ይመለሱ፤ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ማቋቋሚያና እርዳታ ይሰጣል ይላል። ሁለቱም አንቀጽ የኛው ነው።

የሌሊት ተረኛ፦
የሳይካትሪ ነርስ ነኝ፣ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። «ጤነኛ ሰፈር» የሚባል እስካሁን አላጋጠመኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በዓለም ላይ ከ8 ሰው 1 የአእምሮ ጤና ችግር እንደነበረበት አስልቷል። ያንን ይዛችሁ የራሳችሁን ደረጃ ከምድር ቤት እስከ ላይኛው ፎቅ ቁጠሩ።

እንዲህ ዓይነት ክሊኒክ በር ላይ ማን እንደሚቆም ልንገራችሁ። ከወለደች በኋላ እንቅልፍ አጥታ ልጇን ማቀፍ የፈራች እናት። ከአረብ አገር ተመልሳ ማንም የማይሰማውን ድምፅ የምትሰማ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ። ጡረታ ከወጣ በኋላ ከቤት መውጣት ያቆመ መምህር። የሚጥል በሽታ ያለበት የአሥር ዓመት ልጅ፤ በኛ አገር የዚህ በሽታ ክትትል ብዙ ጊዜ በአእምሮ ሕክምና ክፍል ስለሆነ መድኃኒቱን ፌኖባርቢታልን የሚወስደው ከእኛ እጅ ነው። ስልሳ እርምጃ የቆጠሩት አባት ይህን ሕፃን ነው ከሕፃናት የሚያርቁት። መፍራት ካለባችሁ መድኃኒቱ አልቆበት የሚሄድበት ያጣውን ሰው ፍሩ፤ ክሊኒክ የመጣውማ ሊታከም ነው የመጣው።

አራዳ ጊዮርጊስ፦
እህቴ፣ ይህ ሁሉ ጥሩ ነው፤ ግን በግልጽ እንነጋገር። አማኑኤልን እኛ በር ላይ ልታመጡልን ነው። የቤት ኪራይስ? የሚሸጥ ቤት ያለውስ?

የሌሊት ተረኛ፦
አማኑኤል ሆስፒታል ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ መርካቶ ጥግ ነው ያለው። ዙሪያው ሱቅ፣ መጋዘንና መኖሪያ ቤት ነው። መርካቶ በዚህ ምክንያት ገበያው ቀዘቀዘ ሲባል ሰምተህ ታውቃለህ? የስሙን ትርጉም ታውቀዋለህ፤ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ነው። ይህን ስም ወስደን መሰዳደቢያ ያደረግነው እኛ ነን፣ ሕሙማኑ አይደሉም።

ከካዛንቺስ የመጣሁ፦
እኔ ፈርሜያለሁ፤ ለምን እንደፈረምኩ አንድ ሰው ይስማኝ። ሰፈሬ ሲፈርስ ማንም አልጠየቀኝም። አርባ ዓመት የኖርኩበትን ቤት ትቼ እዚህ ዘመድ ዘንድ ገባሁ። አሁን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ በሬን አንኳክቶ «ይህ ነገር ይምጣ ወይስ አይምጣ?» አለኝ። አይምጣ አልኩ። ክሊኒኩን ጠልቼ አይደለም። እንዲያውም ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፤ ምናልባት መጀመሪያ የምሄደው እኔ ነበርኩ። ግን ሳንጠየቅ የሚመጣ ነገር ሁሉ ያስፈራኛል።

ግንፍሌ ዳር፦
እትዬ፣ ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ለምን ስብሰባው ላይ አልተናገሩትም?

ከካዛንቺስ የመጣሁ፦
ማን ዕድል ሰጠኝ? ደግሞ «እንቅልፍ የለኝም» ብዬ በሰው ፊት ልናገር?

ካርታና ፕላን፦
አርክቴክት ነኝ፤ በአንድ ቃል ስትጨቃጨቁ ፋይሉን ረሳችሁት። የሕንፃ ሹሙ ጠረጴዛ ላይ ያለው ጥያቄ ሌላ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያና የተቋም ሕንፃን ጠበቅ ያለ መስፈርት ባለው ምድብ «ሐ» ውስጥ ነበር ያስገባው፤ ቁመቱ ከ12 ሜትር ባይበልጥም ያው ነበር። ቪላው የተሠራው ለመኖሪያ ነው። ስለዚህ መጠየቅ ያለበት ነገር የታወቀ ነው፦ የፕላን ስምምነት አለው ወይ (አገልግሎቱ ከከተማው ፕላን ጋር አይጋጭም ወይ)፣ የአደጋ ጊዜ መውጫ አለው ወይ፣ ተሽከርካሪ ወንበር ይገባል ወይ፣ የታመመ ሰው ይዞ የመጣ መኪና የት ይቆማል። ይህን ካሟላ ይፈቀድለት፣ ካላሟላ ያሟላ። የሰዎች ፊርማ የሰዎችን ስሜት ይነግረናል፤ ስለ ሕንፃው የሚነግረን ነገር የለም።

ብሎክ 4፦
እግዜር ይስጥልኝ። ባለሙያው ራሱ ቪላው ለዚህ አልተሠራም አለ።

ካርታና ፕላን፦
አላልኩም ጋሼ! «ካላሟላ ያሟላ» ነው ያልኩት። ደግሞ ከአፀደ ሕፃናቱ ፊት ለፊት ያለው ሌላኛው ቪላ ግሮሰሪ ሲሆን ስብሰባ ተጠርቶ ነበር? ፊርማ ተሰብስቦ ነበር? እስከ እኩለ ሌሊት ድምፅ ማጉያ ሲጮህ ሰፈሩ ጤነኛ ነበር ማለት ነው?

ብሎክ 4፦
ግሮሰሪውንም አልወደድኩትም። አንድ ስህተት አልፏልና ሁለተኛውም ይለፍ አይባልም።

የእንጦጦ መንገድ፦
ሁላችሁም ስለ መርፌና ስለ ምድብ ታወራላችሁ። እኔ ሁለት ዓመት ታምሜ የዳንኩት በጸበል ነው። በዚህ አገር ይህ ሕመም መንፈሳዊ ጎን አለው፤ ለምን ማንም አያነሳውም? ለጸበል ቦታ አንድ መጠለያ ቢሠራ ከክሊኒኩ የበለጠ ሰው ይድናል።

ግንፍሌ ዳር፦
ወንድሜ ሦስት ወር ጸበል ቦታ ከርሟል። እኔም በእምነቴ አልታማም። ግን እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ነው የከረመው፤ ጠባሳው እስከዛሬ አለ። መጠለያ ሠርተን ሰንሰለቱን ልንቀጥል ነው?

የእንጦጦ መንገድ፦
እኔ አልታሰርኩም። ሁሉንም በአንድ አትጨፍልቂ።

የሌሊት ተረኛ፦
ሁለታችሁም እውነት ይዛችኋል። ጸበል የሚጠመቅ ታካሚ ብዙ አለኝ፣ ተው ብዬም አላውቅም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ጸበል ጀመርኩ ብላችሁ ኪኒኑን አታቁሙ። ክሊኒኩ ቅርብ ቢሆን ጠዋት ተጠምቆ ከሰዓት እኔ ዘንድ መምጣት ይቻል ነበር።

አራዳ ጊዮርጊስ፦
ለምን ጤና ጣቢያው ውስጥ አይሆንም? እዚያ ማን ይቃወማል?

የሌሊት ተረኛ፦
ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የ2005–2008ቱ አገራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም የአእምሮ ሕክምና ከመጀመሪያ ደረጃ ጤና አገልግሎት ጋር ይቀናጅ ነው ያለው። እኔም ለዚህ ስሟገት ኖሬያለሁ። ግን ያየሁትን ልናገር፦ አንድ ነርስ ሠልጥና ክፍሉ ይከፈታል፣ ነርሷ ስትዛወር ክፍሉ ይቆለፋል፣ ታካሚው የተዘጋ በር አይቶ ይመለሳል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይካትሪ ስፔሻሊስት ማሠልጠን የጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ከዚያ በፊት ሐኪሞቻችን ውጭ አገር ነበር የሚማሩት። የባለሙያ ቁጥራችን ገና ነው። ጤና ጣቢያውም ይሥራ፣ ክሊኒኩም ይከፈት። አንዱ ሌላውን የሚያስቀር አድርጋችሁ አታቅርቡት።

ግንፍሌ ዳር፦
አንድ ነገር ልጨምር። ፊርማው የተሰበሰበው ከዕድር መዋጮ ጋር ነው። እናቴ መዝገብ ላይ የፈረመች መስሏት በገዛ ልጇ ላይ ፈርማለች።

ብሎክ 4፦
እዚህ ላይ ይብቃሽ። ዕድሩን አትንኪ! ወረቀቱ ለብቻው ነበር፣ ለሁሉም ተነብቧል። አባትሽ ሲያርፉ ድንኳኑን የተከለ፣ ሦስት ቀን አብሯችሁ ያደረ ይህ ዕድር ነው። ረሳሽው?

ግንፍሌ ዳር፦
አልረሳሁም ጋሼ። እርስዎ ራስዎ ሳጥኑን ተሸክመዋል፣ እስክሞት አልረሳውም። ወንድሜ ሲታመም ግን አንድ ሰው በራችንን አላንኳኳም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ። ሲሞትብን የመጣችሁ ሰዎች ሲታመምብን የት ነበራችሁ?

ብሎክ 4፦
ምን ብለን እንምጣ? በጉንፋን እንደታመመ ሰው «እግዜር ይማርህ» ብለን? ቤተሰቡ ይደብቃል፣ እኛም እንዳላየ እናልፋለን። እንዲህ ነው ያደግነው።

የሌሊት ተረኛ፦
አዎ፣ እንደዚያው ብላችሁ ኑ። «እግዜር ይማርህ» በቂ ነው።

የሕፃናቱ ሞግዚት፦
እዚያ አፀደ ሕፃናት ውስጥ ነው የምሠራው። በኛ ስም እዚህ ብዙ ተብሏል፤ ደብዳቤው ሲጻፍ ግን ማንም መጥቶ አልጠየቀንም። አጥራችን የሚሸተው ከግሮሰሪው የሚወጡት ስለሚሸኑበት ነው፤ ጠዋት ጠዋት በውኃ የማጥበው እኔ ነኝ። ክፍሌ ውስጥ የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ አለ። ሲጥለው እናቱ እስክትመጣ አቅፌው እቀመጣለሁ፤ ሌላ የማውቀው ነገር የለም። ስልሳ እርምጃ ላይ የሚያውቅ ሰው ቢኖር ሮጬ እጠራው ነበር።

ብሎክ 4፦
ይህን አላወቅሁም ነበር። ርዕሰ መምህሯ በጽሑፍ ትስጥና ሐሙስ በሚኖረን ስብሰባ ላይ ይነበብ። እኔ ግን ስለ መንገዱ ያልኩትን አልሽርም።

ግንፍሌ ዳር፦
ስለ መንገዱ ይበሉ ጋሼ። «ጤነኛ» የሚለውን ያወጡታል?

ብሎክ 4፦
ደብዳቤው ማኅተም ተመትቶበት ገቢ ሆኗል። ብቻዬን የማወጣው አይደለም፣ የፈረሙት ሁሉ መጠየቅ አለባቸው።

ከካዛንቺስ የመጣሁ፦
እኔን ይጠይቁኝ። ቤት ነኝ።

አራዳ ጊዮርጊስ፦
እኔ አላወጣም። ሐሙስ ስንት ሰዓት ነው?