የእናቴ የአካል ጉዳት ድጎማ ማመልከቻ የሕክምና ማስረጃ ላይ ቆሟል፤ እንዴት ይፋጠን?

ሰላም ለሁላችሁ። ማመልከቻው ከገባ 5 ወር ሆኖታል። ፎርሙ፣ የሥራ ታሪኩና የሕክምና መረጃዋ እንዲሰጥ የፈረመችበት የፈቃድ ወረቀት ተሟልተዋል። መዝገቡ ግን «ማስረጃ በመጠበቅ ላይ» እንደተባለ ነው። ከ3 ሐኪሞቿ የ2ቱ ደርሷል፤ የቀረው የነርቭ ሐኪሟ ነው።

የደረሰውም ቢሆን የበሽታውን ስምና መድኃኒቱን ብቻ ነው የሚናገረው። ወሳኙ ደግሞ በሽታው ምን እንደሚከለክላት ነው፦ ሳታርፍ ስንት ደቂቃ ትቀመጣለች፣ ስንት ደቂቃ ትቆማለች፣ ስንት ኪሎ ታነሳለች፣ በወር ስንት ቀን ከአልጋ አትነሳም፣ ይህስ ከመቼ ጀምሮ? ይህ ካልተጻፈ ለተጨማሪ ምርመራ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሊልኳት ይችላሉ፤ ያ ማለት አዲስ ቀጠሮ፣ አዲስ ጥበቃ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹን በ1 ገጽ አዘጋጅቼ ሐኪሟ ሞልቶ እንዲፈርምበት ልሰጠው ነው።

የምጠይቃችሁ ይህን ነው። የቀረውን ማስረጃ ራሴ ከሆስፒታሉ መዝገብ ክፍል አስገልብጬ፣ የማመልከቻ ቁጥሯን በየገጹ ጽፌ ባስገባ ይቀበሉኛል ወይስ የግድ ከሐኪሙ በቀጥታ መምጣት አለበት? ደግሞም ቤት እንድትለቅ ማስጠንቀቂያ ደርሷታል። ደብዳቤውን አያይዤ ቅድሚያ እንዲሰጣት ብጽፍ፣ ለመዝገቡ መርማሪ ላድርገው ወይስ ለኃላፊው? የባንክ መግለጫስ ይጨመርበት?

አዲስ ማመልከቻ አስገቢ የሚሉኝ አሉ፤ ተራዋንና የመጀመሪያውን የማመልከቻ ቀን ሊያሳጣት ስለሚችል አልሞክረውም።

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፤ ለቤቱ የቀራት 3 ሳምንት ብቻ ነው።