የዋንዛ ጠረጴዛ ተሰነጠቀብኝ፣ ቅዳሜ ርክክብ ነው!

ሰጋቱራ (ጠያቂ)፦ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። የምግብ ጠረጴዛ ነው፣ ቫርኒሹም አልቋል። ዛሬ ጠዋት ሳየው ከጫፉ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተሰንጥቋል፤ አፉ ላይ ሳንቲም ያስገባል። ኮላው ፎርጅድ ሳይሆን አይቀርም። በምን ልሙላው?

ትራፓኖ፦ ስቱኮ (የስንጥቅ መሙያ ሊጥ) ከሰጋቱራ (የእንጨት ብናኝ) ጋር ለውሰህ ሙላው፣ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገህ ቫርኒሽ ድገመው። አለቀ።

ጥቁር መሮ፦ ገና ምንም እንዳትሞላ። ስፋቱ ስንት ነው? ጣውላው መቼ ተገዛ? ከሥር ካለው ፍሬም ጋር በምን አሰርከው?

ሰጋቱራ፦ 90 በ180፣ ውፍረቱ 4። ነሐሴ ላይ ከጅማ የመጣ ነው። ከሥር 10 ቦታ በቪቴ (ጥምዝ ሚስማር) ጥርቅም አድርጌ አስሬዋለሁ። ይሄ ከኮላው ጋር ምን አገናኘው?

ጋሽ ዝግባ፦ ልጄ፣ በክረምት የተገዛ እንጨት ኅዳር ላይ ጠረጴዛ አይሆንም። ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ በ1986 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶ ነበር፤ ያኔ ገበያ ላይ መገኘት የነበረበት ከገበሬ ማሳ የተቆረጠው ነው፤ ገበሬውም ብዙውን ጊዜ እርጥቡን ይሸጣል። ጣውላውን ጥላ ውስጥ፣ በመሃሉ እንጨት እየከተትህ ደርድር፤ ጫፎቹን ቀለም ቀባ፣ ውኃው ቶሎ የሚወጣው በዚያ ነውና። 4 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ከአንድ ዓመት በላይ ይፈልጋል። ቁራጭ እየመዘንክ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል ማለት ነው።

ቡና ጥላ፦ ደንበኛህን «የዳቦ ፍርፋሪ ማጠራቀሚያ ነው» በለው 😂

ጥቁር መሮ፦ ኮላውን ከመክሰስህ በፊት ስንጥቁን በባትሪ አብርተህ እየው። ሁለቱም ፊት ልሙጥ ሆኖ ኮላው ካብለጨለጨ ጥፋቱ የኮላው ወይም የአጣበቁ ነው። ጭረት ጭረት ያለ የተቀደደ እንጨት ከታየህ ግን ኮላው ይዟል፣ የተቀደደው እንጨቱ ነው። 90 ሳንቲ ሜትር እርጥብ ጣውላ ሲደርቅ በስፋቱ 1 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊጠብ ይችላል፣ በርዝመቱ ግን ከቁጥር አይገባም። አንተ በቪቴ ቸንክረህ መጥበቢያ ነሣኸው።

አሁን ቪቴውን በሙሉ ፍታና ሁለት ቀን ተወው። ከዚያ ያለ ኮላ በሞርሳ (ማጥበቂያ) ሞክረው፤ በትንሽ ጫና ከተዘጋ ኮላ አስገብተህ እሰረው፣ 24 ሰዓት አትንካው። በግድ ከሆነ የሚዘጋው ተመልሶ ይከፈታል፤ በስንጥቁ መስመር ለሁለት ሰንጥቀህ፣ በመላጊያ አስተካክለህ እንደገና አጣብቅ። ቅዳሜ አይደርስም፣ ደውለህ ቀን ጨምር።

ትራፓኖ፦ ስቱኮ ይበቃዋል እያልኩ ነው፣ ሰው ለምን ያካብዳል?

ጥቁር መሮ፦ እስከ ሰኔ ይበቃዋል። ክረምት ሲገባ እንጨቱ ያብጥና ስቱኮውን ገፍቶ ያወጣዋል። ቀጥሎ ሲደርቅ ከጎኑ አዲስ ስንጥቅ አለ።

መላጊያ፦ እኔም ስቱኮ ነው የምለው፣ ግን ቀለሙን አመሳስል።

ጋሽ ዝግባ፦ የሥሩንም ገጽ ቫርኒሽ ቀባው። ላዩ ብቻ ከተቀባ እንደ ሳህን ይጎብጣል።

ሳባ እንጨት፦ መልሶ ሲታሰርስ? ቪቴው 5 ሚሊ ከሆነ የፍሬሙ ቀዳዳ ስንት ይሁን?

ጥቁር መሮ፦ በአጫጭሮቹ ፍሬሞች መሃል ያሉት ሁለቱ ክብ እንደሆኑ ይቅሩ። ሌሎቹን በ6 ሚሊ ፑንታ (መብሻ) ጎን ለጎን ብሺና በመሮ አገናኝተሽ ወደ 15 ሚሊ አርዝሚያቸው፣ በጠረጴዛው ስፋት አቅጣጫ። ከቪቴው ራስ ሥር ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ስስ ክብ ብረት) አስገቢ፣ አታጥብቂው። ፍሬሙ ከ3 ሳንቲ ሜትር ከቀጠነ ግን ይሰነጠቃል፤ ያኔ በፍሬሙ ውስጠኛ ጎን ቦይ አውጪና የኤል ቅርጽ ያላቸው ቁራጮች አስገቢ። ቪቴው ቁራጩን ብቻ ከገጹ ጋር ይይዛል፣ የቁራጩ ምላስ ቦዩ ውስጥ ይንሸራተታል።