ቀጣዩ የሳምሰንግ አልትራ ባትሪ ያድግ ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. ከ2020ው ኤስ20 አልትራ እስከ 2025ቱ ኤስ25 አልትራ ድረስ ባትሪው ያው 5000 ሚሊአምፒር ሰዓት ነው። በሚቀጥለው ሞዴል ከፍ እንዲል ምን መቀየር አለበት?

መልስ፦ የሲሊከን-ካርቦን ባትሪ (ቻርጅ ሲደረግ ሊቲየም የሚያከማቸው ክፍሉ ሲሊከንና ካርቦን የተቀላቀለበት) ቢያስገቡ በዚያው ውፍረት የበለጠ ይይዛል። ፈተናው ሲሊከን ሊቲየም ሲቀበል ማበጡ፣ ሲለቅ መኮማተሩ ነው፤ መመላለሱ ውስጡን ይሰነጣጥቀዋል፣ ዕድሜውም ያጥራል። የቻይናው ስልክ አምራች ኦነር ግን ይህን ባትሪ በ2023 በማጂክ 5 ፕሮ የቻይና ሞዴል ላይ አስገብቶታል። ሳምሰንግም ቢደፍር ደስ ይለኛል!

ሌላ መልስ፦ እኔ ቻርጁ ቢፈጥን እመርጣለሁ። እስከዚያው ኤስ25 አልትራ የያዛችሁ ኬብሉን እዩት፦ 45 ዋት የሚገኘው ፒፒኤስ (ቮልቴጁን እንደ ስልኩ ፍላጎት የሚያስተካክል የቻርጅ ስልት) ባለው ቻርጀርና 5 አምፒር በሚያሳልፍ ኬብል ነው። በ3 አምፒር ኬብል ወደ 25 ዋት ይወርዳል። ሲሰካ ስክሪኑ ላይ «ሱፐር ፋስት ቻርጂንግ 2.0» ካላለ መጀመሪያ ኬብሉን ቀይሩ።