የአብሮ አደጌን ታሪክ እንዴት ብዬ ልመልሰው?

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ በናታችሁ ምከሩኝ ጨንቆኛል። ጎንደር ነው ያለሁት፣ የሳይንስ ልቦለድና የምናብ አጫጭር ታሪኮች መድበል እያሰናዳሁ ነው፣ የ11 ሰው ስራ ተመርጦ አልቋል፣ ማተሚያ ቤቱ ወረቀቱን 16 ገጽ 16 ገጽ እያደረገ ስለሚያጥፍ ልክ 160 ላይ አስቁሜዋለሁ፣ ትንሽ ካለፍኩ የሌላ 16 ገጽ መክፈል ነው ብሩ ደሞ ከኪሴ ነው።

ችግሩ አብሮ አደጌ ነው። ለጥምቀት ሰሞን 40 ገጽ ላከልኝ፣ አፄ ፋሲል በጊዜ ማሽን ይመጡና ፒያሳ ላይ ባጃጅ ይሳፈራሉ (ሀሳቡ እኮ አሪፍ ነው!) ከዛ 30 ገጽ ሙሉ ሹፌሩን ታሪክ ያስተምሩታል። ባጃጁ አይንቀሳቀስም በቃ። ፋይሉ ራሱ በድሮ ፎንት ስለተጻፈ ስከፍተው ሁሉም የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ሆኖ ሁለት ሌሊት ቁጭ ብዬ እንደ አዲስ ተየብኩት፣ እሱ ይሄን ሲያይ "ገባልኝ" ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ።

እናቱማ ቡና በጠሩኝ ቁጥር "የልጄ መጽሐፍ መቼ ነው ሚወጣው?" ይሉኛል፣ በረካ ሳልጠጣ ሹልክ ማለት ጀምሬያለሁ።

አሁን አይሆንም ልበለው ወይስ መግቢያዬን ቀንሼ "8 ገጽ አድርገህ አምጣ" ልበለው? ጨምቅ ስለው ደሞ ጨምሮ ነው ሚመጣው አውቀዋለሁ። አርትኦት ምትሰሩ ሰዎች ለቅርብ ሰው እንዴት ነው ምትነግሩት፣ በስልክ ነው ወይስ በአካል? ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል።