የሰብዓዊ መብትና የዓለም አቀፍ ልማት የሕግ ማስተርስ፦ ሕጉ የቱ ላይ ነው?

ጥያቄ

የሕግ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ጨርሼ በልማት ፕሮጀክቶች የውል ሥራ ላይ ተሰማርቻለሁ። አሁን ሰብዓዊ መብትንና ዓለም አቀፍ ልማትን አጣምሮ የሚያስተምር የማስተርስ ፕሮግራም ለመግባት ማመልከቻ እያዘጋጀሁ ነው። ልማት በአብዛኛው የፖሊሲና የምጣኔ ሀብት ጉዳይ ሆኖ ሳለ የሕግ ባለሙያ እንደ ሕግ ይዞ የሚከራከርበት ነገር ምንድን ነው? ለመመረቂያ ጽሑፍስ ከየት ብነሣ ይሻላል ትላላችሁ?

መልስ 1

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው የልማት መብት መግለጫ መንግሥታትን እንደ ስምምነት አያስገድድም። የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ቻርተር ግን በአንቀጽ 22 ይህንኑ መብት አስገዳጅ በሆነ ሰነድ ውስጥ አስፍሮታል። ስለዚህ ከመግለጫው ይልቅ በቻርተሩ ላይ ተመሥርቶ ከተሰጠ ውሳኔ ቢጀምሩ ይጠቅምዎታል።

በኬንያ በቦጎሪያ ሐይቅ ዙሪያ ይኖር የነበረው የኢንዶሮይስ ማኅበረሰብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለዱር እንስሳት መጠበቂያ ሲባል ከመሬቱ ተነሥቶ ነበር፤ የቻርተሩን አፈጻጸም የሚከታተለው የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2010 ይፋ በሆነው ውሳኔው የልማት መብቱ ተጥሷል አለ። ኮሚሽኑ ልማትን በሁለት ወገን መዘነው፤ አንደኛው ሂደቱ፣ ሁለተኛው ውጤቱ ነው፤ አንዱ ቢጓደልም መብቱ ይጣሳል ሲል ደመደመ። ማኅበረሰቡ እንዴት እንደተመከረ፣ ፈቃዱ መጠየቁንና ከገቢው መካፈሉን አንድ በአንድ መረመረ። ብዙ ተማሪዎች መደምደሚያውን ብቻ አንብበው ያልፋሉ፤ የሚያሳዝነኝም ይህ ነው፤ ምክንያቱም ለሕግ ባለሙያ ትልቁ ትምህርት ያለው ምክክሩ በምን ማስረጃ ጉድለት እንዳለበት በታየበት ክፍል ውስጥ ነው።

መልስ 2

ከላይ በተሰጠው አስተያየት ብስማማም በልማት መብት ላይ ብቻ መቆም የሚያጠብ ይመስለኛል። በዚህ ትምህርት ውስጥ ከሁሉ አስቸጋሪው ጥያቄ የገንዘብ ጥያቄ ነው። ዓለም አቀፉ የኢኮኖሚ፣ ማኅበራዊና ባህላዊ መብቶች ቃል ኪዳን በአንቀጽ 2 መንግሥት መብቶቹን ባለው ሀብት እስከ መጨረሻው ልክ እየተጠቀመ ደረጃ በደረጃ እንዲያረጋግጥ ያዝዛል። ታዲያ መንግሥት «አቅም የለኝም» ሲል ዳኛ በምን ይመዝነዋል? የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጣው አጠቃላይ አስተያየት ቁጥር 3 እያንዳንዱ መንግሥት ቢያንስ ሊያሟላው የሚገባ ዝቅተኛ ግዴታ አለ፤ ይህን ያላሟላው በአቅም ማነስ ነው የሚል መንግሥትም ያለውን ሀብት ሁሉ ለመጠቀም የተቻለውን ጥረት ማድረጉን ማሳየት አለበት ብሏል። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 በግሩትቡም የመኖሪያ ቤት ጉዳይ ያንን መለኪያ ሳይከተል የመንግሥት እርምጃ ምክንያታዊ መሆን አለመሆኑን መረመረ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ያነበበ ተማሪ ክርክሩ የት እንዳለ ወዲያው ይረዳል። የበጀት ሰነድ ማንበብንም ከወዲሁ ይለማመዱ፤ በጀት የማያነብ ጠበቃ በዚህ ክርክር ውስጥ እጁ ባዶ ነው።

መልስ 3

ስለ ፕሮግራሙ ምርጫ ባጭሩ ልጨምር። የፕሮግራሙ ስም አያታልልዎት። የኮርሱን ዝርዝር ይዩ፤ ከአስተማሪዎቹ መካከል የእርስዎን ርዕስ ሊያማክር የሚችል ሰው መኖሩን፣ ተማሪዎች በእውነተኛ ጉዳይ ላይ የሚሠሩበት የሕግ ክሊኒክ መኖሩንም አስቀድመው ጠይቀው ያረጋግጡ። መመረቂያ ጽሑፍ የማይጠይቅ ፕሮግራም በኋላ ለሦስተኛ ዲግሪ ሲያመለክቱ ሊያስቸግርዎት ይችላል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ሥራዬ ከፕሮጀክት ውሎች ጋር ስለሆነ፣ አበዳሪ ተቋማት በሚያስከትሉት ጉዳት ላይ ብጽፍ ለመመረቂያ ጽሑፍ አይሰፋብኝም?

መልስ 2

እንዳይሰፋ በአንድ ተቋም ይወስኑት። የዓለም ባንክ የኢንስፔክሽን ፓነል እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመ ሲሆን፣ በፕሮጀክት የተጎዱ ሰዎች ባንኩ የራሱን ፖሊሲ አላከበረም ብለው አቤቱታ የሚያቀርቡበት አካል ነው። ፍርድ ቤት አይደለም፤ የሚመረምረውም መንግሥትን ሳይሆን ባንኩን ነው። ፓነሉ «ፖሊሲ ተጥሷል» የሚለው ግኝት ተጎጂው በሰብዓዊ መብት ሕግ ከሚጠይቀው ካሳ በምን ያህል እንደሚያንስ በሁለት ወይም በሦስት አቤቱታዎች ላይ ቢመረምሩ በቂ ርዕስ ይሆናል። የምርመራ ሪፖርቶቹ ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ እርስዎም ውል ማንበብ ስለሚያውቁ የብድር ስምምነቱን ከሪፖርቱ ጋር ማመሳከር አያስቸግርዎትም።