ለትልልቅ ፎቶ የሚሆን አሮጌ ዴስክቶፕ፦ ራም ልጨምር፣ ኤስኤስዲ (ፈጣኑን ዲስክ) ልግዛ ወይስ ልገላገለው?

ጉርድ ፎቶ (ደሴ)

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ናችሁ። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ፎቶ ቤት አለችኝ። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ልደት፣ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ሳይቀር የመጣውን ሁሉ እሠራለሁ። ችግሬ ኮምፒዩተሩ ነው። ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020፣ ፕሮሰሰሩ አይ5-4590፣ ራሙ 8 ጂቢ፣ ሀርድ ዲስኩ 500 ጂቢ። ግራፊክስ ካርድ የለውም። ዊንዶውስ 10 ነው የተጫነበት።

በካኖን 700ዲ ስሠራ ፎቶው 18 ሜጋፒክስል ስለሆነ እየተንቀራፈፈም ቢሆን ይሄድልኝ ነበር። አሁን ያገለገለ ኒከን ዲ850 ገዛሁ። 45 ሜጋፒክስል ነው፣ አንዱ ሮው ፋይል (ካሜራው ሳይጨምቀው የሚያስቀምጠው ጥሬ ፎቶ) ብቻውን ወደ 50 ሜጋባይት ይመጣል። ምስሉ ያምራል፣ የሙሽራዋ ቀሚስ ላይ ያለው ጥልፍ ክሩ ይቆጠራል። ግን ላይትሩም (ፎቶ ማስተካከያው ፕሮግራም) ላይ ከአንዱ ፎቶ ወደ ቀጣዩ ሳልፍ ጠርቶ እስኪታይ ቡና ተፈልቶ አቦሉ ይጠጣል። ፎቶሾፕማ አይወራ። ሁለት ሦስት ሌየር (የምስል ንብርብር) ስደርብበት ስታክ አድርጎ ይቀራል።

ሰፈር ያለ ኮምፒዩተር ጠጋኝ "መድኃኒቱ ግራፊክስ ካርድ ነው" አለኝ። ዘመዴ ደግሞ "ጥሎ አዲስ መግዛት ነው" ይላል። ብሩ ካሜራው ላይ አልቋል። የጥር ሰርግ ሳይደርስ አንድ ወይም ሁለት ነገር ብቻ መቀየር እችላለሁ። ከየቱ ልጀምር?

ቦርከና

ወንድሜ፣ ምንም ነገር ከመግዛትህ በፊት ታስክ ማናጀርን ክፈት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ስትጫን ይመጣል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ከፍተህ ተወውና እንደ ሁልጊዜው ሥራህን ሥራ። ሲንቀራፈፍብህ ቀና ብለህ እይ። ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተቸክሏል? ራሙ ሞልቷል? ወይስ ፕሮሰሰሩ ነው ጣራ የነካው? መልሱን እሱ ይነግርሃል፣ እኛ ሁላችንም እዚህ የምንገምተው ነው።

እስከዚያው ግምቴን ልንገርህ። የዲ850 ፎቶ 8256 በ5504 ፒክስል ነው። ፎቶሾፕ ውስጥ ሲከፈት አንድ ሌየር በ8 ቢት 136 ሜጋባይት ገደማ፣ በ16 ቢት ደግሞ 272 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። አምስት ሌየር ስትደርብ 1.3 ጂቢ አለፍክ ማለት ነው፣ ሂስትሪው (ወደ ኋላ ለመመለስ የሚያስቀምጠው) ሳይቆጠር። 8 ጂቢውን ደግሞ ዊንዶውስ፣ ላይትሩም፣ ክሮምና ቴሌግራም ይካፈሉታል። ራም ሲያልቅበት ፎቶሾፕ ዝም ብሎ አይቆምም፣ የተረፈውን ዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራል። ያ ዲስክ የሚሽከረከር አሮጌ ሀርድ ዲስክ ሲሆን ነው ስታክ የምትለው ነገር የሚመጣው። ስለዚህ የራምና የዲስክ ችግር እያልን የምንለያየው ብዙ ጊዜ አንድ ችግር ነው።

ሳጥኑ ትልቁ ነው ወይስ ቀጭኑ? እሱንም ንገረን።

የጦሳ ንፋስ

እኔ በጠጋኙ እስማማለሁ። ዘንድሮ ሁሉም ነገር ግራፊክስ ካርድ ላይ ነው። ላይትሩም ውስጥ ያለውን ዲኖይዝ ሞክራችሁታል? በጨለማ አዳራሽ የተነሳን የሰርግ ፎቶ ነጠብጣቡን ሙልጭ አድርጎ ያጠራዋል። ያለ ካርድ ግን በጣም ይጎተታል። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ፈልግና ግጠምበት፣ በቃ።

ጉርድ ፎቶ (ደሴ)

ቦርከና፣ ወንድምህ ሳልሆን እህትህ ነኝ 😄 ግን አመሰግናለሁ። እንዳልከኝ አደረግኩ። ላይትሩም ላይ ፎቶ ስቀያይር ዲስኩ 100 ፐርሰንት ይልና እዚያው ይቆያል። ፎቶሾፕ ሲከፈት ደግሞ ራሙ 95፣ 96 ይደርሳል። ፕሮሰሰሩ ከፍ የሚለው ኤክስፖርት ሳደርግ ነው። ሳጥኑ ትልቁ ነው፣ ቋሚው።

ቦርከና

ይቅርታ እህቴ! አብሽሪ፣ ያልሽው ሁሉ ጥሩ ዜና ነው። ትልቁ ሳጥን አራት የራም ቦታ አለው፣ እስከ 32 ጂቢ ይቀበላል። አሁን ያለሽ ሁለት ባለ 4 ከሆነ አትጣያቸው። ሁለት ባለ 8 ገዝተሽ ጨምሪ፣ 24 ጂቢ ይሆንልሻል። ጥንዶቹን ቀለማቸው በሚመሳሰል ቦታ ላይ ሰኪያቸው።

ስትገዢ ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። አንደኛ ዲዲአር3 መሆን አለበት፣ ዲዲአር4 ጥርሱም አይገጥምም። ሁለተኛ የሰርቨር ራም እንዳይሸጡልሽ። ርካሽ ሆኖ ገበያ ላይ ሞልቷል፣ መልኩ ተመሳሳይ ነው፣ ይሰካልም፣ ግን ማሽኑ አይነሳም። ላዩ ላይ ፒሲ3 ከሚለው ቁጥር መጨረሻ አር የሚል ፊደል ካየሽ ተይው።

ዲስኩን በሚመለከት፣ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ ነው የሚያስፈልግሽ። አሮጌው ሀርድ ዲስክ ቢበዛ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ያነባል፣ ሳታ ኤስኤስዲ ወደ 500 ይጠጋል። ግን ትልቁ ልዩነት ይሄ ቁጥር አይደለም። ላይትሩም በአንድ ጊዜ ሺህ ትንንሽ ፕሪቪው ፋይል እየፈለገ ነው የሚሠራው። የሀርድ ዲስኩ መርፌ ወዲህ ወዲያ ሲሮጥ ነው ጊዜው የሚያልቀው። ኤስኤስዲ መርፌ የለውም። "ኤንቪኤምኢ (ከሳታው የሚፈጥነው ኤስኤስዲ) ይሻላል፣ በአዳፕተር እንሰካዋለን" የሚልሽ ካለ፣ ይህ ማሽን በራሱ ባዮስ (ማሽኑን በሚያስነሳው ፕሮግራም) ከእሱ ላይ ዊንዶውስ አያስነሳም፣ ስለዚህ ብርሽን ያዢ።

የጦሳ ንፋስ፣ ዲኖይዝን በተመለከተ እውነትህን ነው፣ ካርድ ይፈልጋል። ግን አዶቤ ራሱ ለዚያ ሥራ የሚመክረው 8 ጂቢ ሜሞሪ ያለው ካርድ ነው። 1050 ቲአይ 4 ጂቢ ነው። በዚህ ላይ የዚህ ማሽን ፓወር ሰፕላይ 290 ዋት ነው፣ ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባው ኬብል ደግሞ የዴል የራሱ ቅርጽ ስለሆነ እንደ ሌላው በቀላሉ በትልቅ አይቀየርም። ስለዚህ ተጨማሪ ኬብል የማይፈልግ ባለ 75 ዋት ካርድ ላይ ታጥራለች። ካርዱ መጥፎ ነው አላልኩም። ግን የእሷ ዲስክ 100 ላይ ተቸክሎ እያለ ካርድ መግዛት ምን ያደርግላታል?

የጦሳ ንፋስ

እሺ፣ ዲስኩ 100 መሆኑን ሳላይ ነው የጻፍኩት። ኤስኤስዲ ይቅደም። ካርዱ ግን ሦስተኛ ይሁን እላለሁ፣ ከዝርዝሩ አይውጣ።

ጨለማ ክፍል

ልጄ፣ እኔ በፊልም ዘመን ጀምሬ እስካሁን የማነሳ ሰው ነኝ። ስለ ማሽኑ ልጆቹ ነግረውሻል። እኔ ስለ ፋይሉ ልጠይቅሽ። ለምንድነው ሁሉንም በ45 ሜጋፒክስል የምታነሺው?

የሰርግ አልበም ገጽ ስንት ነው? 30 በ45 ሴንቲ ሜትር እንበል። በ300 ዲፒአይ ብታትሚው 3543 በ5315 ፒክስል ነው የሚፈልገው፣ 19 ሜጋፒክስል አይሞላም። ካሜራሽ ሮው ሲያነሳ መጠን ያስመርጣል። መካከለኛው 25.6 ሜጋፒክስል ነው። ለአዳራሹ፣ ለጭፈራው፣ እንግዳ እጁን ሲታጠብና ሲበላ ለምታነሺው ሁሉ እሱ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ትልቁን ለሙሽሮቹ ለብቻቸው፣ ለቤተሰብ ጅምላ ፎቶና ደንበኛው ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ለሚፈልገው አስቀሪው። የጅምላውን አደራ፣ ወሎ ሰርግ ላይ አንድ ፎቶ ውስጥ መቶ ሰው ይቆማል፣ ከዳር ያለችው አክስት ፊቷ ካልታየ ሥራሽን ትረሺዋለሽ።

ሌላው፣ ላይትሩም ውስጥ ስማርት ፕሪቪው የሚባል አለ። ፎቶውን ስታስገቢ አብሮ እንዲሠራ አድርጊው። ረጅሙ ጎኑ 2560 ፒክስል የሆነ ትንሽ ቅጂ ይሠራና፣ ከፕሪፈረንስ ውስጥ በእሱ ኤዲት እንዲያደርግ ካዘዝሽው ቀለሙንና ብርሃኑን በዚያ ትሠሪያለሽ። ኤክስፖርት ሲሆን ዋናውን ይጠቀማል። ማታ አስገብተሽ፣ ሲሠራ አድሮ፣ ጠዋት መቀመጥ ነው።

አልበም ገጽ ላይ ለመደርደር ደግሞ 16 ቢት አያስፈልግሽም። ቀለሙን ላይትሩም ላይ ጨርሰሽ በ8 ቢት አውጪው። ከላይ ያለውን ሂሳብ በግማሽ ቀነስሽ ማለት ነው፣ ሳንቲም ሳታወጪ።

ሐረጎ

ሁላችሁም ደህና ብላችኋል፣ ግን አንድ ሰው መናገር አለበት። ይሄ 4ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያለውን በይፋ አይቀበልም። በዚህ ማሽን ላይ ብር ማፍሰስ ጥሩ አይመስለኝም። ያገለገለ ኦፕቲፕሌክስ 7060 ብትገዛ 8ኛ ትውልድ ታገኛለች፣ የኤንቪኤምኢ ቦታም አለው፣ ዲዲአር4 ነው፣ ለብዙ ዓመት ትገላገላለች።

ቦርከና

ሐረጎ፣ ብር ቢኖራት እኔም እሱን እላት ነበር። ግን አንድ ነገር ልብ በል፣ ኤስኤስዲው አይጠፋም። ነገ 7060 ስትገዛ ነቅላ እዚያ ትሰካዋለች። የሚቀረው ራሙ ብቻ ነው፣ ዲዲአር3 ወደ አዲሱ አይሻገርም። ያገለገለ ዲዲአር3 ደግሞ ከሌላው አንጻር ርካሽ ነው። ስለዚህ እንደኔ ኤስኤስዲውን ጥሩና ሰፋ ያለ ትግዛ፣ 1 ቴራ። ራሙን ያገለገለ። ፕሮሰሰሩን ወደ አይ7-4790 መቀየር ይቻላል፣ ሶኬቱ አንድ ነው፣ ኤክስፖርት ያፋጥናል፣ ግን እዚያ ላይ እኔም እንዳንተ ብር አላፈስም። ኤክስፖርት ሲያደርግ ሰው አጠገቡ መቀመጥ የለበትም።

የዊንዶውሱን ነገር ግን አትናቂው እህቴ። በዚያ ማሽን የባንክ ነገር አትክፈቺ፣ ደንበኛ ያመጣውን ፍላሽ ሁሉ ዝም ብለሽ አትሰኪ። ፎቶ ቤት ውስጥ ቫይረስ የሚገባው በፍላሽ ነው።

አዝዋ

ስለ መብራት ማንም አላነሳም? ደሴ ውስጥ ነን እኮ። ላይትሩም ካታሎጉን (የኤዲትሽን ሁሉ መዝገብ) እየጻፈ መብራት ጥርግ ካለ ካታሎጉ ሊበላሽ ይችላል። ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚይዘው) ከሌለሽ ከካርዱም ከፕሮሰሰሩም በፊት እሱ ይምጣ። ትልቅ መሆን የለበትም፣ ሴቭ አድርገሽ እስክትዘጊ ይበቃል። ፕሪንተሩን ግን አትሰኪበት፣ በተለይ ሌዘር ከሆነ ሲሞቅ ብዙ ይስባል፣ ዩፒኤሱን ይጥለዋል።

ኤስኤስዲም ስትገዢ ፌክ ሞልቷል። 2 ቴራ ተብሎ በጣም በረከሰ ዋጋ ካየሽ ሽሺ። ከማሸጊያው ላይ 2 ቴራ ይላል፣ ዊንዶውስም 2 ቴራ ይላል፣ ግን ውስጡ ትንሽ ነው፣ ሲሞላ ቀድሞ የጻፍሽውን እያጠፋ ይጽፋል። ኤች2ቴስትደብሊው የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ፣ ዲስኩን በሙሉ ጽፎ መልሶ ያነበዋል። ጊዜ ይወስዳል፣ ግን የሰው ሰርግ ከማስቀመጥሽ በፊት አንድ ጊዜ አስኪጂው። ሻጩ ጋም "ካልሠራ እመልሳለሁ" ብለሽ ተስማሚ።

የጦሳ ንፋስ

ሞኒተሩስ? ከጎን ስታይው ቀለሙ የሚገለበጥ ዓይነት ከሆነ ኤዲቱ ሁሉ ግምት ነው። ኋላ ብር ስታገኚ አይፒኤስ (ከጎንም ቀለሙ የማይገለበጠውን) ፈልጊ።

ጉርድ ፎቶ (ደሴ)

አላህ ይስጥልኝ፣ ኑሩልኝ። ጋሼ ጨለማ ክፍል፣ የመካከለኛውን ሮው ነገር ዛሬውኑ ሜኑ ውስጥ ገብቼ አገኘሁት፣ ፋይሉ ቀለል አለ። አሁን የወሰንኩት ባለ 1 ቴራ ሳታ ኤስኤስዲና ሁለት ባለ 8 ራም ነው። ዩፒኤስ አለኝ ግን ባትሪው ሞቷል፣ ባትሪውን አስቀይራለሁ። ካርዱ ይቆይ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ዊንዶውሱን እንዳለ ወደ ኤስኤስዲው ላስገልብጥ ወይስ አዲስ ይጫን? ፎቶዎቹና የላይትሩም ሥራዬ እንዳይጠፋ ነው የምፈራው። ፎቶዎቹ በሙሉ ዲ በሚለው ክፍል ውስጥ ናቸው፣ ካታሎጉ ግን ሲ ላይ ነው።

ቦርከና

አዲስ ይጫን። ለዓመታት የተጠራቀመ ቆሻሻ ለምን ይዘሽ ትሄጃለሽ። ዊንዶውሱ ሕጋዊ ሆኖ አክቲቬት ከተደረገ ፈቃዱ የታሰረው በዋናነት ከማዘርቦርዱ ጋር ነው፣ ያው እትም ሲጫን ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ ይመለሳል።

ከመንቀልሽ በፊት ካታሎጉ ያለበትን ፎልደር እንዳለ ኤክስተርናል ላይ ገልብጪ፣ ፕሪቪው የሚሉትን ፎልደሮችም ጨምረሽ። ሲጫን አሮጌውን ሀርድ ዲስክ ኬብሉን ንቀይው፣ በስህተት እሱ ላይ እንዳይጭኑብሽ። ዊንዶውሱ ከተጫነ በኋላ መልሰሽ ሰኪው። የኤስኤስዲው ቦታ ሳጥኑ ውስጥ ካልገጠመ አትጨነቂ፣ የሚንቀሳቀስ ነገር ስለሌለው በጠንካራ ባለ ሁለት ፊት ፕላስተር ብታጣብቂውም ይሠራል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። የፎቶዎቹ ክፍል እንደ ድሮው ዲ የሚለውን ፊደል መያዝ አለበት። አዲሱ ዊንዶውስ ኢ ወይም ኤፍ ሊለው ይችላል፣ ያኔ ላይትሩም ፎቶዎቹን አላገኘኋቸውም ይልሻል። አትደንግጪ፣ አልጠፉም። ዲስክ ማኔጅመንት ውስጥ ገብተሽ ፊደሉን ወደ ዲ መልሺው። ካታሎጉን ኤስኤስዲው ላይ አስቀምጪና ክፈቺ። የፎቶሾፕ ስክራች ዲስክም (ራም ሲያልቅበት የሚጽፍበት) ኤስኤስዲው ይሁን። ካታሎጉ ተከፍቶ የድሮ ሰርግ ላይ ያደረግሽውን ኤዲት በዓይንሽ እስክታዪ ድረስ አሮጌውን ዲስክ ማንም ፎርማት እንዳያደርግብሽ፣ ጠጋኙ "ቦታ ላስለቅቅልሽ" ቢልሽም።